ሻምፓኝ፦ ከአንድ ማሳ፣ ከአንድ መከር

በሰሜን ምሥራቅ ፈረንሳይ፣ በሻምፓኝ ግዛት የሚጠመቀው አረፋማ ወይን ጠጅ በአብዛኛው የበርካታ ማሳዎችና የተለያዩ ዓመታት ምርት ቅይጥ ነው። ውርጭ ወይም ዝናብ የጎዳው መከር ጉድለቱ ካለፉት ዓመታት በተቀመጠ ወይን ይሸፈናል።

ጥቂት ጠማቂዎች ግን ይህን መከታ ይተዋሉ። ክሩግ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1971 በለ ሜኒል ሱር ኦዤ መንደር የገዛው "ክሎ ዱ ሜኒል" ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። "ክሎ" በፈረንሳይኛ የታጠረ ቦታ ማለት ነው። ከ1698 ጀምሮ በግንብ የተከበበው ማሳ ስፋቱ 1.84 ሄክታር ሲሆን፣ የሚለማበትም ሻርዶኔ የተባለው የነጭ ወይን ዝርያ ብቻ ነው። ከማሳው ብቻ የተጠመቀው የመጀመሪያው ሻምፓኝ የ1979 መከር ነበር።

በግዛቱ ደንብ መሠረት የመከር ዓመቱ የተጻፈበት ሻምፓኝ ከዚያው ዓመት ፍሬ ብቻ ይጠመቃል፤ ለገበያ ከመቅረቡ በፊትም ቢያንስ 3 ዓመት ይቆያል። ከአንድ ማሳ ብቻ ሲሆን ደግሞ የአፈሩና የዓመቱ አየር ጠባይ ሳይሸሸግ ይቀመሳል። ዋጋውን የሚያንረውም ይኸው ነው፤ ምርቱ ጥቂት ነው፣ መከሩ ካላጠገበም ጨርሶ ላይኖር ይችላል። ክሩግ የ1999ኙን ክሎ ዱ ሜኒል ለገበያ ሳያቀርበው ቀርቷል።