«ቅጂ» እና «አመንጪ»፦ የደራሲን መብት የሚጠሩ ቃላት ታሪክ

በሕግ አማርኛ ከተለመዱት ስያሜዎች መካከል «የቅጂ መብት» የተባለው ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ልዩ ጥያቄ ያስነሣል። ስያሜው በ1996 ዓ.ም. በወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 አርእስት ሆኖ ጸንቷል። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ጉዳዩን የተመለከተው ከባለቤትነት አንጻር ነበር፤ ከቁጥር 1647 እስከ 1674 ያሉትን አንቀጾች ስለ ንብረት በሚናገረው በሦስተኛው መጽሐፍ ውስጥ አግብቷቸዋል። የሕጉን ረቂቅ ያዘጋጁት ፈረንሳዊው ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ነበሩ። የፈረንሳዮቹ ስያሜ ከደራሲው ይነሣል፤ የእንግሊዞቹ ከመቅዳቱ። አማርኛችን በ44 ዓመት ውስጥ ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ተሻገረ።

«ቅጂ» የወጣው «ቀዳ» ከሚለው ግሥ ነው፤ ከ«ነዳ» «ነጂ» እንደሚወጣ ሁሉ «ድ» ወደ «ጅ» ተለውጧል። የግዕዙ «ቀድሐ» ውሃን ከምንጭ፣ መጠጥን ወደ ጽዋ መቅዳት ነው። ኋላ ጽሑፍ ተቀዳ፤ ከዚያም ካሴት ተቀዳ። «ግልባጭ» በየመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ግርጌ ሌላ ሥራ ስላለው፣ «ቅጂ» መመረጡን አንነቅፍም። አዋጁ የሥራውን ፈጣሪ «የሥራ አመንጪ» ይለዋል፤ ይህም ከ«መነጨ» የተገኘ ነው። እንግዲህ አንዱ ምንጩ ሲሆን ሌላው ከምንጩ የሚቀዳው ነው። «ደራሲ» ቢባል ኖሮ ሠዓሊውና ፎቶግራፍ አንሺው ከውጭ በቀሩ ነበር። ጉድለቱ ሌላ ነው፦ «የቅጂ መብት» ሲባል ያልለመደ ጆሮ የመቅዳት ፈቃድ አድርጎ ሊሰማው ይችላል።

ነገሩ ግን ከስያሜው ይቀድማል። በብራና ዘመን መጽሐፍ መቅዳት ዋጋ የሚያሰጥ በጎ ሥራ ነበር። በየመጽሐፉ መጨረሻ የሚገኘው ግዝት የሚያወግዘው መጽሐፉን የሰረቀውንና የባለቤቱን ስም የፋቀውን እንጂ፣ ቃሉን የቀዳውን አይደለም። ይህን ይዞ አባቶች ለፈጠራ ዋጋ አልሰጡም የሚል ቢኖር ወደ ቅኔ ቤት ይሂድ። እዚያ ቅኔ ለዕለቱ የሚበጅ ነው፤ የሌላውን ቅኔ የራሱ አስመስሎ የሚያቀርብ ተማሪ በጓደኞቹ ፊት ያፍራል። ሕግ ባይጻፍለትም ዳኛው በዙሪያው ተቀምጧል።

በእኛ ሙያ ደግሞ ከዚህ የሚበልጥ ምሳሌ አለ። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩትን የግዕዝ መዝገበ ቃላት ሥራ ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ተረክበው ብዙ ዓመት ደከሙበት፤ ሳይታተም ዐረፉ። አደራው ለደስታ ተክለ ወልድ ደረሰ። መጽሐፉ በ1948 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሲታተም በደራሲነት የተጠሩት ኪዳነ ወልድ ናቸው። ደስታ በራሳቸው ስም የጻፉት የአማርኛ መዝገበ ቃላት የወጣው በ1962 ዓ.ም. ነው። የመምህሩ ሥራ አስቀድሞ በመምህሩ ስም ወጣ፤ የተማሪው ከ14 ዓመት በኋላ።

ይህን የምናነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። ከጥቂት ጊዜ በፊት ለአንድ ሥራ ካርዶች ስናስተያይ፣ በአንድ ቆየት ባለ መዝገበ ቃላት የሚገኝ የፊደል ግድፈት በሌላ አዲስ መዝገበ ቃላት ውስጥ እንዳለ ቁጭ ብሎ አገኘነው። ፍቺውም፣ ምሳሌ ዐረፍተ ነገሩም ቃል በቃል አንድ ነው። በአዲሱ መቅድም ውስጥ የፊተኛው ስም የለም። ቃል የማንም ነው፤ «ውሃ» የሚለውን ማንም ቢተረጉመው ወደ ተመሳሳይ ፍቺ መምጣቱ አይቀርም። ምሳሌውን ግን አንድ ሰው ተቀምጦ አስቦታል፤ ግድፈቱም የዚያው መጽሐፍ ነው።

በአዋጁ መሠረት የኢኮኖሚ መብቱ የሚዘልቀው በአመንጪው ዕድሜና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ነው። አለቃ ኪዳነ ወልድን ከመሰሉት ሊቃውንት ለመቅዳት ዛሬ ገንዘብ የሚጠይቀን የለም። በካርዶቻችን ላይ ግን እስከ አሁን «ምንጭ» የሚል ቦታ አልነበረም፤ ይህ የራሳችን ጉድለት ነው። ግድፈቱን ካገኘን ወዲህ ከፍቺው በታች አንድ መስመር ጨምረናል፤ አሮጌዎቹንም ካርዶች ከ«ሀ» ጀምሮ እየመለስን በመሙላት ላይ ነን፤ ገና «መ» ላይ ነን።