ራስ አልፊል የተጠጉት የስናር ነገሥታት

የሽንፋ ወንዝ የመተማን ቆላ አቋርጦ ሱዳን ሲገባ ራሃድ ይባላል፤ በመጨረሻም ከዓባይ ጋር ይቀላቀላል። በፉንጆች ዘመን የጎንደርና የስናር መንግሥታት የሚዋሰኑት በዚሁ አገር ነበር። በታሪክ ራስ አልፊል ተብሎ የሚታወቀው ግዛትም በዛሬዎቹ መተማና ገላባት አካባቢ ይገኝ ነበር። ስፍራው የነጋዴና የጦር መተላለፊያ እንደ ነበረ ብዙ ተጽፏል። ዙፋናቸውን ላጡ ነገሥታት መጠጊያ መሆኑ ግን እምብዛም አይነሣም።

የመጀመሪያው ስደተኛ ሁለተኛው ዐብዱልቃድር ነው። እርሱም በ1606 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከመንበሩ ተነሥቶ ወደ ኢትዮጵያ ተሰደደ። ዐፄ ሱስንዮስ ተቀብሎ የጭልጋን ግዛት ሰጠው። ጭልጋ ከደጋው ወደ ስናር የሚያወርደው መንገድ በር ስለ ሆነች፣ ሹመቱ እንግዳን ማክበር ብቻ አልነበረም። የጠላትን አገር የሚያውቅ፣ ቂምም የቋጠረ ሰው ለድንበር ጠባቂነት ይበጃልና ነው። ስናሮችም ነገሩን በዚሁ ዐይን አዩት። በኋላ የነገሠው ቀዳማዊ ባዲ ለንጉሠ ነገሥቱ ሁለት ያረጁ አንካሳ ፈረሶች በስጦታ ስም ላከ ይባላል። የድንበሩ ጠብ እየከረረ ሄዶ በ1618 እና 1619 ጦርነት ሆነ። ዘማቹ ግን ምርኮውን ይዞ ተመለሰ እንጂ ስደተኛውን ወደ ዙፋኑ አልመለሰውም።

የሁለተኛው ታሪክ ይበልጥ ያስገርማል። አራተኛው ባዲ፣ በቅጽል ስሙ አቡ ሹሉክ፣ በ1724 ነግሦ ሠላሳ ስምንት ዓመት ገዛ። በ1744 ዐፄ ኢያሱ ዳግማዊ ስናርን ሊወጋ በወረደ ጊዜ ድል የነሣው የባዲ ጦር ነው። ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር የዘመተው የኵርዓተ ርእሱ ሥዕል ሳይቀር ተማርኮ ኋላ በወርቅ ተዋጅቶ መመለሱ ይተረካል። ይሁን እንጂ በ1762 የጦር አለቃው መሐመድ አቡ ሊካይሊክ ከመኳንንቱ ጋር አብሮ ባዲን ሻረና ልጁን ናስርን አነገሠ። ትናንት አባቱን ድል የነሣ ንጉሥ ዛሬ ከልጁ ከዐፄ ኢዮአስ ደጅ ጥገኝነት ጠየቀ። ቂሙ ተረስቶ፣ በራስ ወልደ ልዑል ምክር የራስ አልፊል ገዥ ሆኖ ተሾመ።

ከዚያ ሆኖ አገሩን በቅርብ ያይ ነበር፤ ዙፋኑ ግን ራቀው። ጦሩ ከአቡ ሊካይሊክ እጅ ነበር። ጎንደርም በእቴጌ ምንትዋብ የቋራ ዘመዶችና በኢዮአስ የእናት ወገኖች መካከል ስለ ተከፈለ፣ ለሌላ ዙፋን የሚዘምት ጦር ሊያሰናዳ አልቻለም። በዚህ መካከል ባዲ ከድንበር ማዶ በመጣ ማባበያ ተታልሎ ወደ ስናር ግዛት ተሻገረ፤ ተያዘ፤ ተገደለም። በ1772 በዚያው መንገድ ያለፈው ጄምስ ብሩስ ታሪኩን ጽፎ አቆይቶልናል።

ከሁለቱ ታሪኮች የምንማረው አንድ ነው። መጠጊያ የሚሰጥ መንግሥት ስደተኛውን ንጉሥ ለድንበሩ ይፈልገዋል፤ ዙፋኑን ለማስመለስ ግን የራሱን ኃይል አያወጣለትም። አስተናጋጁ ኢዮአስም ከዚህ ዕጣ አላመለጠም፤ በ1769 በራስ ሚካኤል ስሑል ትእዛዝ ተገደለ፤ ዘመነ መሳፍንትም ገባ። ከዚያ ወዲያ በስናርም በጎንደርም ነገሥታቱ ከዙፋን ላይ ተቀምጠው ሥልጣኑ በጦር አለቆች እጅ ሆነ። ባዲ ሊመለስበት የተመኘው ዙፋን፣ ቢመለስበትም ኖሮ፣ የቀድሞው ዙፋን አልነበረም።