ለዕቃ የተሠራው አዳራሽ

መጀመሪያ ፎቶውን ሳየው የአውሮፕላን ሃንጋር መስሎኝ ነበር። በፓሪስ ከኦስተርሊትዝ ባቡር ጣቢያ ትንሽ ራቅ ብሎ የሚገኘው ይህ የኮንክሪት አዳራሽ 310 ሜትር ይረዝማል፤ ሦስት የእግር ኳስ ሜዳ በቁመት ቢቀጣጠል ማለት ነው። ዛሬ ስታሲዮን ኤፍ ይባላል፤ ላፕቶፕ የያዙ የስታርትአፕ ወጣቶች ሞልተውታል። ሲሠራ ግን ለዕቃ ነበር። ታሪኩ ብዙ ከተሞች ዛሬ ለሚጠይቁት ጥያቄ ጥሩ ማሳያ ነው፦ ያረጀ የኢንዱስትሪ ሕንፃ ምን ይሁን?

አዳራሹን ከ1927 እስከ 1929 የሠራው መሐንዲሱ ኧዤን ፍሬሲኔ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የሕንፃው ሥራ በባቡር የመጣውን ጥቅል ማራገፍ፣ መለየትና በመኪና ወደ ከተማው መላክ ነበር። ለዚህ ደግሞ ወለሉ ሰፊ፣ ምሰሶው ጥቂት፣ ብርሃኑ በቂ መሆን አለበት። የፍሬሲኔ መልስ ስስ ቅስት ጣሪያ ነበር። ኮንክሪት ሲጨመቅ ጠንካራ፣ ሲጎተት ደካማ ነው። ጣሪያው በትክክል ከተቀሰተ ክብደቱ ባብዛኛው በጭመቃ ወደ ምሰሶዎቹ ይወርዳል፤ ስለዚህ ስስ ሆኖም ይሸከማል። ፍሬሲኔ የብረት ሽቦን አስቀድሞ በመወጠር ኮንክሪትን የመጭመቅ ዘዴውን በፓተንት ያስመዘገበውም በዚያው ግንባታ መሐል፣ በ1928 ነው። ብዙዎቹ የዛሬ ድልድዮች በዚህ ዘዴ የተሠሩ ናቸው።

ከዚያ ጊዜው ተለወጠ። ጭነቱ ከባቡር ወደ ካሚዮን ዞረ፤ መጋዘኖችም መሬት ወደሚረክስበት፣ ወደ አውራ ጎዳናዎቹ ዳር ሸሹ። ተመራማሪዋ ሌቲሲያ ዳብላንክ ከባልደረባዋ ጋር ባደረገችው ጥናት፣ የፓሪስ አካባቢ የጥቅል ማዕከላት ከ1974 እስከ 2008 ባለው ጊዜ በአማካይ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ከመሐል ርቀዋል። ይህ ትንሽ ይመስላል አይደል? እስቲ እናስላው። አንድ ቫን በቀን አንዴ ደርሶ ሲመለስ 20 ኪሎ ሜትር ይጨምራል፤ በዓመት 300 ቀን ቢሠራ 6,000 ኪሎ ሜትር። ይህ ሁሉ አንድም ዕቃ ሳይታደል የሚነዳ መንገድ ነው።

የዕቃ ድርጅቱ በ2006 አዳራሹን ለቀቀ። የመፍረስ አደጋም አንዣበበበት፤ በ2012 ግን በቅርስነት ተመዘገበ፣ ታድሶም በ2017 በአዲሱ ስሙ ተከፈተ። ሕንፃው ተረፈ፣ ሥራው ግን አልተረፈም።

የሚገርመው ፓሪስ በዚያው ሰሞን ዕቃ ማከፋፈያ ወደ መሐል ለመመለስ ደፋ ቀና ትል ነበር። በ2013 ቦግሬኔል ላይ የቀድሞ የመኪና ማቆሚያ ወደ ጥቅል ማከፋፈያነት ተቀየረ። በ2018 ደግሞ ሻፔል በሚባለው ሰፈር፣ በቀድሞ የባቡር መሬት ላይ፣ ጣሪያው ለስፖርትና ለእርሻ የሚውል ግዙፍ የሎጂስቲክስ ሕንፃ ተከፈተ። የመጀመሪያው ያለውን ተጠቀመ፤ ሁለተኛው አዲስ ኮንክሪት ጠየቀ። ከዓለም የካርቦን ዳይኦክሳይድ ልቀት 8 በመቶ የሚሆነው ከሲሚንቶ የሚመጣ በመሆኑ ልዩነቱ ቀላል አይደለም። የድሮ ሕንፃ ልቀት አንዴ ወጥቶ ያለቀ ነው።

ታዲያ ለምን አሮጌዎቹን ሁሉ አንጠቀምም? እንደ መሐንዲስ የማየው በመጀመሪያ ወለሉ የሚችለውን ክብደት፣ የምሰሶዎቹን ርቀት፣ የበሮቹን ስፋትና ለኤሌክትሪክ ቫኖች ቻርጅ የሚበቃ ኃይል መኖሩን ነው። የፍሬሲኔ አዳራሽ ከእነዚህ ብዙዎቹን ገና ሲወለድ ይዞ ነበር። ትልቁ እንቅፋት ሌላ ነው፤ ኪራይ። ቢሮ የሚከፍለውን ዕቃ አከፋፋይ መክፈል አይችልም። ገበያው ብቻ ከወሰነ ማከፋፈያው ሁልጊዜ ይሸነፋል። ፓሪስም ይህን ስላየች በከተማ ፕላኗ ለሎጂስቲክስ የሚጠበቁ ቦታዎች አስቀምጣለች።

ጉዳዩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። የለገሃር ጣቢያችን የተመረቀው በዚያው በ1929 ነው፤ ስሙም ከፈረንሳይኛ የመጣ ሆኖ «ጣቢያው» ማለት ነው። አዲሱ የጅቡቲ ባቡር ግን የሚቆመው ከከተማው ዳር ነው። ለገሃርን ስናስብ «እናፍርሰው ወይስ ሙዚየም እናድርገው?» ብለን ብቻ አንጠይቅ። በየቀኑ ወደ መሐል ከተማ የሚገባው ዕቃ የት ያርፋል የሚለውም አብሮ ይነሳ። መሬቱ አንዴ ለሌላ ነገር ከተሰጠ በኋላ ይህን ጥያቄ መመለስ በጣም ውድ ይሆናል።