የተጠረገ ደረጃ፣ የተረሳ ጣሪያ፦ በአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየሞች የጋራ መጠቀሚያዎች ጽዳትና ጥገና

አኅጽሮተ ጥናት

በአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየሞች ደረጃው፣ ኮሪደሩ፣ ጣሪያው፣ የፍሳሽ መስመሩና ግቢው የቤት ባለቤቶች ሁሉ የጋራ ንብረት ነው። የእነዚህ ቦታዎች መጎሳቆል ብዙ ጊዜ የነዋሪው ሥነ ምግባር ጉድለት ተደርጎ ይታያል። ይህ ጽሑፍ ግን ሥሩ አደረጃጀቱ ላይ ነው ይላል። አንደኛ፣ ዕለታዊው ጽዳትና በዓመታት አንዴ የሚመጣው ጥገና ከአንድ ኪስ ይከፈላሉ፤ በዚህም ጥገናው ሁልጊዜ ተሸናፊ ይሆናል። ሁለተኛ፣ ሕጉ ድምፅ የሰጠው ለባለቤቱ ሲሆን በየቀኑ ደረጃውን የሚወጣውና የሚወርደው ግን ብዙ ጊዜ ተከራዩ ነው። ጽሑፉ የአገሪቱን ሕግ፣ የሕንፃዎቹን አሠራርና የዕድርን ልምድ መሠረት አድርጎ የመፍትሔ ሐሳቦችን ያቀርባል።

መግቢያ

በ1990ዎቹ አጋማሽ ከጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት ጋር በቦሌ ገርጂ በሙከራ የተጀመረው የኮንዶሚኒየም ግንባታ ዛሬ ጎተራን፣ ጀሞን፣ ሰሚትን፣ የካ አባዶን፣ ቱሉ ዲምቱን፣ ቦሌ አራብሳንና ኮዬ ፈጬን የመሳሰሉ ሰፋፊ መንደሮችን ፈጥሯል። ወደ እነዚህ መንደሮች የገባው ሕዝብ በአብዛኛው ከግቢ ቤት የመጣ ነው። በግቢ ቤት ደጅ የሚጠርገው ይታወቃል፤ በቀበሌ ቤቶችም የጋራ መጸዳጃ ቤት በተራ ይጸዳ ነበር፤ ተራው የማን እንደሆነም ጎረቤት ሁሉ ያውቅ ነበር። አራተኛ ፎቅ ላይ የወጣው ቤተሰብ ግን ከበሩ እስከ ዋናው መንገድ ድረስ ስሙ ባልተጻፈበት ቦታ ያልፋል።

የሕንፃዎቹ ነዳፊዎች ይህን የአኗኗር ለውጥ ጨርሶ አልዘነጉትም። እንጀራ ለመጋገር፣ ልብስ ለማጠብ፣ በበዓል በግ ለማረድና ለቅሶ ለመቀመጥ እንዲያገለግሉ ከብሎኮቹ መካከል የጋራ መገልገያ ቤቶች ተሠርተዋል። በአንዳንድ ሳይቶች ግን እነዚህ ቤቶች ለሌላ አገልግሎት ውለዋል። ቤቱ ሲቀር ሥራው አልቀረም፤ ወደ ኮሪደርና ወደ ደረጃ ሥር ተዛወረ። በርበሬው ኮሪደር ላይ ይሰጣል፣ ምንጣፉ ደረጃ ላይ ይታጠባል፣ የፋሲካ በግ ማንሆል አጠገብ ይታረዳል። እናም ስለ ጽዳት ስንነጋገር ነዋሪውን ከመውቀስ በፊት ሥራው የሚሠራበት ቦታ ተሰጥቶታል ወይ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ሕጉ የሠራውና የተወው

ፎቅ በፎቅ የተከፋፈለ ባለቤትነት ለኢትዮጵያ ሕግ እንግዳ አይደለም፤ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ደንግጎለት ነበር። ለዛሬዎቹ ኮንዶሚኒየሞች ዋናው ሕግ ግን የጋራ ሕንፃ ቤት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ነው። አዋጁ የጋራ ሕንፃ የሚለው በተናጠል የተያዙ አምስትና ከዚያ በላይ ቤቶች ያሉትንና የጋራ መጠቀሚያዎች ያካተተውን ሕንፃ ነው። ከቤቶቹ ውጭ ያለው ሁሉ የጋራ ነው። ይህን ሀብት የሚያስተዳድረው የቤት ባለቤቶች ማኅበር ሲሆን ባለቤቶችም ለጋራ ወጪ ያዋጣሉ።

እዚህ ላይ በየስብሰባው የሚነሣ አንድ ክርክር አለ። ምድር ቤት ያለው ሱቅ “እኔ ደረጃ አልወጣም፤ ለደረጃ ጽዳት ለምን እከፍላለሁ?” ይላል። የላይኛው ፎቅ ነዋሪ በበኩሉ “ማንሆሉ የሚገነፍለው እናንተ በር ላይ ነው፤ እኔ ምን አገባኝ?” ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም የዘነጉት ነገር መዋጮው በሕንፃው መግለጫ በተወሰነ ድርሻ የሚከፈል እንጂ በአጠቃቀም የሚሰላ አለመሆኑን ነው። ጣሪያው የሚያፈሰው በላይኛው ቤት ላይ ቢሆንም ጣሪያው የሁሉም ነው፤ ማንሆሉም እንደዚያው።

ሕጉ የተወው ክፍተት ግን እውነተኛ ነው። የማኅበሩ አባል ባለቤቱ ነው። ባለቤቱ ቤቱን አከራይቶ ሌላ ሰፈር ወይም ውጭ አገር ሲኖር ቦታውን የሚጠቀመው ሰው በማኅበሩ ውስጥ ወንበር የለውም፤ ወንበር ያለው ሰው ደግሞ ቆሻሻውን አያየውም።

ሁለት ሥራዎች፣ አንድ ኪስ

ጽዳትና ጥገና በአንድ ትንፋሽ የሚጠሩ ቢሆኑም ጠባያቸው ለየቅል ነው። ጽዳት ዛሬ ካልተሠራ ነገ ይታያል፤ ነዋሪው ወዲያው ያጉረመርማል። ጥገና ዘንድሮ ካልተሠራ ግን የሚታየው ከአምስት ወይም ከአሥር ዓመት በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ኮሚቴውም ተቀይሯል፣ ባለቤቱም ሸጦ ሄዶ ይሆናል።

ለስሌት ያህል 30 ቤቶች ያሉትን አንድ ብሎክ እንውሰድ። እያንዳንዱ ቤት በወር 300 ብር ቢያዋጣ 9,000 ብር ይሰበሰባል። ከዚህ የጥበቃ ደመወዝ፣ የጽዳት ሠራተኛዋ ክፍያ፣ የደረጃ መብራትና የውሃ ፓምፕ ወጪ ይቀነሳል። ያልከፈሉት ቤቶች ሲታሰቡ ደግሞ ወሩ የሚያልቀው ባዶ እጅ ነው። ከዚሁ ገንዘብ በየወሩ 10 በመቶ ብቻ፣ ማለትም 900 ብር፣ ለብቻው ቢቀመጥ በዓመት 10,800 ብር ይሆናል። ይህ ጣሪያ አይቀይርም፤ አሸንዳ ለማስጠረግ፣ የተሰበረ ቱቦ ለመለወጥና የተሰረቀ የማንሆል ክዳን ለመተካት ግን መነሻ ይሆናል።

የአሸንዳው ነገር በቅርበት ሊታይ ይገባዋል። ባለ አራት ፎቅ ብሎኮች አብዛኞቹ ቆርቆሮ የለበሱ ናቸው። በበጋ አቧራ፣ ቅጠልና የወፍ ጎጆ አሸንዳውን ይሞላዋል። ሰኔ ሲገባ ውሃው መውረጃ ያጣና በአሸንዳው ከንፈር ላይ ፈስሶ ግድግዳውን ይልሳል። መጀመሪያ የሚታየው ጥቁር ዝርግ እድፍ ነው፤ ብዙ ሰው የቀለም ጉዳይ ይመስለዋል። ከእድፉ በስተጀርባ ግን ውሃ በስንጥቆች እየገባ አርማታው ውስጥ ያለውን ብረት ያዝገዋል። ዝገት ከብረቱ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ኮንክሪቱን ከውስጥ ገፍቶ ይሰነጥቀዋል፤ ስንጥቁ ሲሰፋ ተጨማሪ ውሃ ይገባል። በግንቦት ወር አንድ ሠራተኛ መሰላል ይዞ በግማሽ ቀን የሚጨርሰው ሥራ ችላ ሲባል የአርማታ ጥገና ይሆናል። አበው ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው።

የፍሳሽ መስመሩም እንዲሁ ነው። የጫት ገረባ፣ ዳይፐር፣ የምግብ ዘይትና የእርድ ተረፈ ምርት ለመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ ታስቦ የተዘረጋውን ቱቦ ይዘጉታል። መስመሩ ሲዘጋ የሚገነፍለው ከታችኛው ቤት ነው፤ ያጠፋው ሰው ግን የሚኖረው ከላይ ሊሆን ይችላል። ጥፋተኛው በማይታወቅበት ቦታ በየጊዜው መስመሩን ከማስጠረግ በቀር መፍትሔ የለም፤ ለዚያ ደግሞ አስቀድሞ የተቀመጠ ገንዘብ ያስፈልጋል።

ሌሎች አገሮች ይህን ችግር በሕግ ለመፍታት ሞክረዋል። የፈረንሳይ የጋራ ሕንፃ ሕግ የወጣው በ1965 እ.ኤ.አ. ቢሆንም ለትላልቅ ሥራዎች የሚውል ተቀማጭ ገንዘብ ግዴታ የሆነው በ2014 እ.ኤ.አ. በተደረገ ማሻሻያ ነው። ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮም ማኅበራት በመርህ ደረጃ ከዓመታዊ በጀታቸው ቢያንስ 5 በመቶውን ለዚህ እንዲያስቀምጡ ተደርጓል። በበጎ ፈቃድ ብቻ ገንዘቡ እንደማይጠራቀም የቆየ ልምድ ያላት አገር እንኳ ለመረዳት ግማሽ ምዕተ ዓመት ፈጅቶባታል።

የጽዳት ሙያ

የጽዳት ጥቅም ከዓይን ደስታ ያለፈ ነው። በኔዘርላንድስ ግሮኒንገን ከተማ የተሠራና በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ይህን አሳይቷል። አጥኚዎቹ በቆሙ ብስክሌቶች እጀታ ላይ የማስታወቂያ ወረቀት ሰቀሉ። ግድግዳው ንጹሕ በነበረ ጊዜ ወረቀቱን መሬት ላይ የጣለው 33 በመቶው ሰው ነበር፤ ግድግዳው በጽሑፍ ሲሞነጫጨር ቁጥሩ 69 በመቶ ደረሰ። ሰዎቹ የዚያው ከተማ ሰዎች ናቸው፤ የተለወጠው ግድግዳው ነው። ስለዚህ የተጠረገ ደረጃ ራሱ የሚጠብቀው ሰው ያገኛል፤ የቆሸሸው ደግሞ ተጨማሪ ቆሻሻ ይጠራል።

ሥራው የራሱ ብልሃት አለው። ደረጃ የሚጸዳው ከላይ ወደ ታች ነው። ውሃ ሳይረጭ በደረቁ የተጠረገ ክፍት ደረጃ አቧራውን ወደ ጎረቤት በር ይበትናል። በሌላ በኩል በባልዲ ውሃ እያፈሰሱ ማጠብ ያማረ ቢመስልም መውረጃ በሌለው ደረጃ ላይ ውሃው ወደ ምድር ቤት በር ይወርዳል፤ የመደገፊያ ብረቱንም እግር ያዝገዋል። ይበልጥ የሚሻለው አርጥቦ መጥረግና በተጨመቀ መወልወያ መወልወል ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣባቸው ሳይቶች የጽዳት ቀን ከውሃው ቀን ጋር መገጣጠም አለበት። ለሠራተኛዋ ጓንት፣ መጥረጊያ፣ መወልወያና ሳሙና ማቅረብ የማኅበሩ ግዴታ ነው፤ በረኪናን ከአሲድ ጋር መቀላቀል መርዛማ ጋዝ እንደሚያወጣም ሊነገራት ይገባል። ሥራዋ በጽሑፍ ካልተወሰነ ሠላሳ አለቃ ይኖራታል፤ ሠላሳ አለቃ ያለው ሥራ ደግሞ ማንንም አያስደስትም።

ዕድር ለምን ይሠራል?

ጋሬት ሃርዲን በ1968 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ታዋቂ ጽሑፍ የጋራ ሀብት ሁሉም ሲጠቀምበት መጥፋቱ አይቀርም ብሎ ተከራክሯል። ማንኩር ኦልሰን ደግሞ በ1965 እ.ኤ.አ. በትልቅ ቡድን ውስጥ ሳያዋጡ መጠቀም እንደሚቀልና ትንሽ ቡድን የተሻለ እንደሚተባበር አስረድቷል። በ2009 እ.ኤ.አ. በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘችው ኤሊኖር ኦስትሮም ግን ሰዎች የጋራ ሀብታቸውን ለብዙ ዘመን በደንብ ያስተዳደሩባቸውን ቦታዎች መርምራ ሌላ መልስ ሰጥታለች። ተጠቃሚዎቹ ተለይተው ሲታወቁ፣ ደንቡን ራሳቸው ሲያወጡ፣ አጠቃቀሙን ራሳቸው ሲቆጣጠሩና ቅጣቱ ከቀላል ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ሲከብድ የጋራ ሀብት አይጠፋም።

እነዚህ መርሆዎች ለእኛ አዲስ አይደሉም፤ ዕድር የሚተዳደረው በእነሱ ነው። ዕድር ዳኛና ጸሐፊ አለው፤ የአባላቱ ስም በመዝገብ ሰፍሯል፤ መዋጮው በወር በወር ይሰበሰባል፤ የቀረ ይቀጣል፤ ድንኳኑና ሳህኑ ተቆጥሮ ወጥቶ ተቆጥሮ ይገባል። ከሁሉም በላይ ዕድር የቤት ካርታ አይጠይቅም። ሰፈሩ ውስጥ የሚኖር ሰው፣ ተከራይም ቢሆን፣ አባል ይሆናል። በአንድ ሳይት ጠንካራ ዕድርና የተዳከመ የብሎክ ኮሚቴ ጎን ለጎን ቢኖሩ ምክንያቱ እዚሁ ላይ ነው። ዕድር የቆመው በመኖር ላይ ነው፣ ኮሚቴው ግን በባለቤትነት ላይ።

ተከራይን ወደ ጠረጴዛው ማምጣት

በእስራኤል በርካታ የቤተ እስራኤል ቤተሰቦችም የሚኖሩባቸው የጋራ ሕንፃዎች ቫዓድ ባይት በሚባል የቤት ኮሚቴ ይተዳደራሉ። በተለመደው አሠራር ወርሃዊውን የጽዳትና የመብራት መዋጮ ተከራዩ ይከፍላል፤ ጣሪያን የመሰለ ትልቅ ጥገና ግን የባለቤቱ ነው። ክፍፍሉ ፍትሐዊ ነው፤ የዛሬውን ንጽሕና የሚጠቀም ለዛሬ ይከፍላል፣ የሕንፃው ዋጋ የሚጠበቅለት ሰው ለነገ ያስቀምጣል።

ለዚህ በኢትዮጵያም ምቹ በር ተከፍቷል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ የውሉም ዘመን ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ደንግጓል። ሁለት ዓመት የሚቆይ ተከራይ አላፊ እንግዳ አይደለም። የጽዳት መዋጮውን ማን እንደሚከፍል፣ የቆሻሻ ማውጫ ቀኑ መቼ እንደሆነና የማኅበሩ ደንብ ተከራዩን እንደሚመለከት በዚያው ውል ላይ ሁለት መስመር መጨመር ይቻላል።

የመፍትሔ ሐሳቦች

አንደኛ፣ እያንዳንዱ ማኅበር ሁለት የባንክ ሒሳብ ይክፈት፤ አንዱ ለወርሃዊ አገልግሎት፣ ሌላው በጠቅላላ ጉባኤ ውሳኔ ብቻ ለሚወጣ ጥገና። ሁለተኛ፣ ጽዳት በብሎክ ደረጃ፣ የፍሳሽ መስመር፣ አጥርና በር ደግሞ በሳይት ደረጃ ይያዝ፤ ትንሽ ቡድን የሚችለውን ለትልቅ ቡድን መስጠት ባለቤት ማሳጣት ነው። ሦስተኛ፣ ተከራይ ስለ ዕለታዊ አገልግሎት በሚደረግ ስብሰባ ድምፅ ይኑረው። አራተኛ፣ በየዓመቱ ግንቦት ላይ ጣሪያው፣ አሸንዳው፣ የውሃ ሮቶው፣ ማንሆሉና የደረጃ መደገፊያው ተፈትሾ ውጤቱ ከገቢና ወጪው ጋር መግቢያው ላይ ይለጠፍ። አምስተኛ፣ ሕንፃ የሚያስረክበው አካል የቧንቧና የኤሌክትሪክ መስመሩን ንድፍ ለማኅበሩ ይስጥ፤ ንድፍ የሌለው ቧንቧ ሠራተኛ ግድግዳ እያፈረሰ ነው የሚፈልገው።

ማጠቃለያ

የመጀመሪያዎቹ ኮንዶሚኒየሞች ሃያ ዓመት ደፍነዋል። ይህ ዕድሜ በጽዳት ብቻ የሚታለፍ አይደለም፤ ተከታታይ ጥገና የሚጠይቅበት ጊዜ ላይ ደርሰናል። ብዙ ቤተሰብ በእነዚህ ቤቶች ላይ የዕድሜ ልክ ቁጠባውን አፍስሷል፤ ሌሎች ብዙዎች ደግሞ ዛሬም ተራቸውን እየጠበቁ ነው። ያለውን ቤት በጊዜው አለመጠገን ለሚጠብቁት ቤት ሊሠራበት የሚችለውን ገንዘብ ለእድሳት ማዋል ማለት ነው። የሚያስፈልገው ትዕግሥተኛ ሥርዓት ነው፤ የተለየ ሒሳብ፣ የታወቀ ቀን፣ የተጻፈ ድርሻና በቤቱ ለሚኖር ሁሉ የሚደርስ ድምፅ። ሕዝቡ ይህንን በዕድሩ ሲያደርገው ኖሯል፤ በሕንፃውም ሊያደርገው ይችላል። የመጀመሪያው እርምጃ በሚቀጥለው የብሎክ ስብሰባ አጀንዳ ላይ የጥገና ሒሳብ መክፈትን ማስያዝ ነው።