የአካል ብቃት ሥልጠና መሠረታዊ መርሆዎችና የመንግሥት ሠራተኛው

የአካል ብቃት ማለት አንድ ሰው የዕለት ተግባሩን ያለ ከፍተኛ ድካም አከናውኖ ለድንገተኛ ሥራ የሚሆን አቅም ሲተርፈው ነው። የልብና የሳንባ ጽናት፣ የጡንቻ ጥንካሬ፣ የመገጣጠሚያዎች መተጣጠፍ እንዲሁም በሰውነት ውስጥ ያለው የስብና የጡንቻ ምጣኔ ዋና ዋና መለኪያዎቹ ናቸው።

በደቡብ ጎንደር ዞን ምሥራቃዊ ክፍል በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ የሚኖረው አርሶ አደር እነዚህን መለኪያዎች የሚያሟላው ሥልጠና ብሎ ሳይሆን በኑሮው ግዴታ ነው። ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጉና ተራራ ተነስቶ ወደ ዓባይና በሽሎ ሸለቆዎች በሚያዘቀዝቀው በዚህ ምድር፣ ወገዳ ገበያ ለመድረስ ዳገትና ቁልቁለቱን በእግር መጓዝ፣ ሸክም መሸከምና አህያ መንዳት የተለመደ ነው። በዚያው ከተማ ከጠዋት እስከ ማታ ወንበር ላይ የሚውለው የመንግሥት ሠራተኛ ግን ይህ ግዴታ የለበትም። ያደገበትን ጉልበት ይዞ ቢሮ ገብቶ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሁለት ፎቅ መውጣት ሲያደክመው ምክንያቱን ዕድሜው ላይ ብቻ ያሳብባል።

ጄረሚ ሞሪስ የተባሉት ብሪታንያዊ ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1953 ይፋ ያደረጉት ጥናት ይህን ልዩነት በግልጽ አሳይቷል። በለንደን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡሶች ላይ ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው የሚውሉት ሾፌሮች፣ ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ ከሚውሉት ትኬት ቆራጮች ይልቅ በልብ ሕመም ይጠቁ ነበር። በፖስታ አመላላሾችና በጠረጴዛ ሠራተኞች መካከልም ተመሳሳይ ልዩነት ታይቷል። ሞሪስ በኋላ በ1970ዎቹ ፊታቸውን ወደ ብሪታንያ ሲቪል ሰርቪስ ሠራተኞች አዙረው፣ በትርፍ ጊዜያቸው ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ የሚያደርጉት ከሌሎቹ ያነሰ የልብ ሕመም እንደሚያጋጥማቸው አረጋግጠዋል።

የሥልጠናው የመጀመሪያ መርህ ጫና ነው። ሰውነት የሚጠነክረው ከለመደው በላይ ሲጠየቅ ብቻ ነው። ሁለተኛው መርህ ጫናው ደረጃ በደረጃ መጨመር እንዳለበት ይደነግጋል። በመጀመሪያው ሳምንት 15 ደቂቃ የተራመደ ሰው በሚቀጥለው 20፣ ቀጥሎም 25 ደቂቃ ቢያደርገው ልቡም ጅማቱም ይለምዳሉ። ከሁለቱ ዘግይቶ የሚጠነክረው ጅማቱ በመሆኑ፣ የትንፋሹን መሻሻል ብቻ አይቶ ፍጥነት የሚጨምር ሰው ብዙውን ጊዜ በጉልበትና በቁርጭምጭሚት ሕመም ይቆማል። ሦስተኛው መርህ ሰውነት የሚያገኘው የተለማመደውን ነው የሚለው ሲሆን፣ በሩጫ የክንድ ጥንካሬ፣ ክብደት በማንሳትም የረጅም ርቀት ትንፋሽ አይገኝም።

ያልተሠራበት ብቃት የሚጠፋ መሆኑ ደግሞ ብዙዎች የሚዘነጉት መርህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 በአሜሪካ ዳላስ ከተማ አምስት ጤናማ ወጣቶች ለሦስት ሳምንታት አልጋ ላይ እንዲተኙ ተደርጎ፣ ሰውነታቸው ኦክስጅን የመጠቀም ከፍተኛ አቅሙ ከሩብ በላይ ቀንሶ ተገኝቷል። ሻምበል አበበ ቢቂላ በ1964 የቶኪዮ ኦሊምፒክ ማራቶንን በዓለም ክብረ ወሰን ያሸነፈው የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ስድስት ሳምንት ሳይሞላው ነበር። ይህ ሊሆን የቻለው ለዓመታት ያከማቸው ብቃት ስለነበረውና ወደ ልምምድ ፈጥኖ ስለተመለሰ ነው።

የከፍታ ጉዳይም መታየት አለበት። በ3 ሺህ ሜትር ገደማ ከፍታ፣ ይኸውም በነፋስ መውጫ አካባቢ፣ የአየር ግፊቱ ከባሕር ወለል በ30 በመቶ ገደማ ያንሳል። ከቆላ ወረዳ ተዛውሮ የመጣ ሠራተኛ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትንፋሽ ቢያጥረው የሚያስደንቅ አይደለም። እንዲህ ያለው ሰው ልምምዱን ከወትሮው ቀለል አድርጎ መጀመር ይኖርበታል። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2002 ይፋ የሆነ ጥናት በሰሜን ተራሮች 3 ሺህ 530 ሜትር ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምሮ፣ የደማቸው የሄሞግሎቢንና የኦክስጅን መጠን በባሕር ወለል ከሚኖሩ ሰዎች ጋር የሚቀራረብ ሆኖ አግኝቶታል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ መሠረት አዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ጠንካራ እንቅስቃሴ፣ በተጨማሪም ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠናክር ልምምድ ሊያደርጉ ይገባል። መካከለኛ የሚባለው እያወሩ ሊያከናውኑት የሚቻል፣ ለመዝፈን ግን ትንፋሽ የማይበቃበት ነው። ከፍተኛው የልብ ምት ከ220 ላይ ዕድሜን በመቀነስ በግምት ይሰላል። በዚህ ስሌት የ45 ዓመት ሰው ከፍተኛ ምት 175 ሲሆን፣ መካከለኛ እንቅስቃሴው በደቂቃ ከ112 እስከ 133 ምት ይሆናል።

በ2011 ዓ.ም. ከተሽከርካሪ ነጻ የመንገድ ቀን መጀመሩ ስፖርትን ወደ ሕዝቡ በማቅረብ ረገድ የሚያስመሰግን ነው። ሆኖም በወር አንድ ጊዜ የሚደረግ እንቅስቃሴ ሥልጠና ሊባል አይችልም። ይበልጥ የሚያሳስበው ዓመቱን ሙሉ ተቀምጦ ከርሞ ለበዓል በሚዘጋጅ የመሥሪያ ቤቶች የእግር ኳስ ውድድር ላይ በሙሉ ኃይሉ የሚሰለፈው ጎልማሳ ነው። በአሜሪካ በ1993 የወጣ ጥናት እንደሚያመለክተው፣ እንቅስቃሴ የማያዘወትር ሰው በከባድ ጥረት ወቅትና ወዲያው በኋላ በልብ ድካም የመጠቃት ዕድሉ ከሌላው ጊዜ ከ100 እጥፍ በላይ ከፍ ይላል። በሳምንት አምስት ጊዜና ከዚያ በላይ የሚንቀሳቀሰው ግን ጭማሪው ከሁለት እጥፍ ብዙም አይዘልም። ለአንድ ግለሰብ አደጋው በጥቅሉ አነስተኛ ቢሆንም፣ ከ40 ዓመት በላይ የሆነ ተሰላፊ አስቀድሞ የደም ግፊቱን በጤና ጣቢያ ቢለካ፣ ከጨዋታውም በፊት 10 ደቂቃ ሰውነቱን ቢያሟሙቅ ይመረጣል። በልምምድ መካከል የደረት ሕመም ወይም ማዞር የተሰማው ሰው ወዲያውኑ ማቆምና ወደ ሕክምና መሄድ አለበት።

እረፍት የሥልጠናው አካል ነው፤ ጡንቻ የሚጠገነው በእንቅልፍና በእረፍት ጊዜ ነውና። በዐቢይ ጾም እህልና ውሃ ሳይቀምሱ እስከ 9 ሰዓት የሚቆዩ ሠራተኞች ጠንካራውን ልምምድ ቀንሰው ቀለል ያለውን የእግር ጉዞ ከማዕድ ሰዓት ትንሽ ቀደም ብለው ቢያደርጉት፣ የላቡን ምትክ ውሃ ሳይዘገዩ ለማግኘት ይችላሉ።