የቺክሌሮ ቁስል

በደቡባዊ ሜክሲኮ፣ በቤሊዝና በጓቲማላ ደኖች የሚገኝ የቆዳ ሌይሽማንያሲስ ነው፤ በኢትዮጵያ ደጋማ ቦታዎች ቁንጭር ከሚባለው በሽታ ጋር ይዛመዳል። ስሙን ያገኘው የማስቲካ ሙጫ ከሳፖዲላ ዛፍ ለማለብ በዝናብ ወራት ጫካ ከሚሰነብቱት ቺክሌሮ ከሚባሉ ሠራተኞች ነው። ሃራልድ ሳይደሊን የተባለ ሐኪም በ1912 እ.ኤ.አ. በዩካታን የታየውን ቁስል በጽሑፍ ገልጿል።

በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ናት። ርዝመቷ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ገላዋ ጸጉራም ነው፤ ስታርፍ ክንፎቿን ወደ ላይ ከፍታ ትይዛለች። ስትበር ድምፅ ስለማታሰማ መጣች ብሎ የሚጠነቀቅ የለም። የምትነክሰው ሴቷ ብቻ ናት፤ እንቁላል ለመጣል ደም ያስፈልጋታል። እጯ የሚያድገው በረጠበ አፈርና በበሰበሰ ቅጠል ውስጥ ስለሆነ፣ ለወባ ትንኝ እንደሚደረገው ኩሬ ማድረቅ እሷን አያጠፋም።

ሌይሽማንያ ሜክሲካና የተባለው ጥገኛ ተሕዋስ በጫካ አይጦች ላይ ይኖራል፤ ሰው የሚያዘው ወደ መኖሪያቸው ሲገባ ነው። ከጆሮ ውጭ ባለ የሰውነት ክፍል ላይ የወጣ ቁስል ብዙውን ጊዜ በወራት ውስጥ ይሽራል። ጆሮ ላይ የወጣው ግን ለዓመታት ቆይቶ ለስላሳውን አጥንት ይበላል፣ ጠርዙን ይቆርሳል። ሕመሙ ቀላል ስለሆነ ሠራተኛው ሥራውን አቋርጦ ወደ ሕክምና አይሄድም፤ ጉዳቱን የሚያከፋውም ይኸው መዘግየት ነው። ለመከላከል ደግሞ፣ ተራ አጎበር ቀዳዳው ለአሸዋ ዝንቧ ሰፊ ስለሆነ፣ በፀረ ተባይ የተነከረ ያስፈልጋል።