ኦቶ ኖይገባወር፣ «የኢትዮጵያ ሥነ ፈለክና ባሕረ ሐሳብ»

የታተመ መጽሐፍ፤ ወረቀት፤ ቪየና፣ ኦስትሪያ፤ እ.ኤ.አ. 1979

ደራሲው የጥንታዊ ሒሳብ ታሪክ ሊቅ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1899 በኢንስብሩክ ተወልደው በጎቲንገን ተማሩ፤ በኋላም በአሜሪካ ብራውን ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ። በባቢሎን የሸክላ ጽላቶች ስማቸው ከገነነ በኋላ ፊታቸውን ወደ ግዕዝ ጽሑፎች አዞሩ። ይህ መጽሐፍ ሲወጣ ሰማንያ ዓመት ሊሞላቸው ተቃርቦ ነበር። በዓላትና አጽዋማት የሚሰሉበት የባሕረ ሐሳብ መሠረት ጥንታዊው የእስክንድርያ ቀመር መሆኑን ያሳዩት በዚሁ ሥራ ነው።

የደብረ ታቦርና የደቡብ ጎንደር ደጋ የአብነት ተማሪ ግን ቀመሩን የሚቀበለው ከየኔታ አፍ ነው። 2016 ዓ.ም. ላይ 5500 ሲደመር 7516 ዓመተ ዓለም ይሆናል። ለ19 ሲካፈል 11 ይተርፋል፤ አንድ ለዘመን ሲቀነስ ወንበር 10 ይወጣል። ወንበር በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴ 20፣ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዕ 10 ነው። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30 ካልሞሉ ተማሪው ተሳስቷል ማለት ነው።

መጥቅዕ ከ14 ስላነሰ በዓለ መጥቅዕ ጥቅምት 10 ዋለ። ዕለቱ ቅዳሜ ነበር፤ የቅዳሜ ተውሳክ (የዕለቱ ተጨማሪ ቁጥር) 8 ሲጨመር 18። ስለዚህ ጾመ ነነዌ የካቲት 18፣ ፋሲካም ሚያዝያ 27 ዋለ።

ደረጃው የተወሰነ፣ ስሕተቱን ራሱ የሚያጋልጥ ስሌት ነው፤ የኮምፒውተር ሳይንስ አልጎሪዝም የሚለው ይህንኑ ነው።

ኖይገባወር እ.ኤ.አ. በ1988 ስለ ጸሐፊው አቡሻክር የዘመን አቆጣጠር ሌላ መጽሐፍ አሳተሙ፤ በ1990 በፕሪንስተን አረፉ።